መርዶ ያልደረሰው ፈረሰኛ

ባሌን እንዳሻውን፣ ፈረስና እኔን አንድ ላይ ወንዝ ቢወስደን ማናችንን እንደሚያወጣ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው። ልጃችን ፍቅር ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቀችው። ትንሽ አሰበና «ፈረስ ዋና ይችላል፤ እናትሽ አትችልም» አላት። ከሃያ ዓመት በላይ አብሬው ስኖር ከአፉ የወጣ ትልቁ የፍቅር ቃል ይኸው ነው። እኔም ሌላ አልጠበቅሁም።

ይህን የምጽፈው ለጨዋታ ግን አይደለም። እንዳሻው ጥሩ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ በድዬዋለሁ። በደሉን የሠራሁት ደግሞ ለእሱ አዝኜ፣ አገር የሚያውቀውን ሥርዓት ተከትዬ፣ ሽማግሌ አማክሬ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በክፋት ያደረግሁት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ ይወጣልኝ ነበር።

እንዳሻው የአዊ አገው ነው፤ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። እሱ እንደሚለው እዚያ ፈረስ የሌለው ሰው ሰርግም ለቅሶም በእግሩ ይሄዳል፤ በእግሩ የመጣ ደግሞ ከኋላ ነው የሚቆመው። አባቱ የፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበሩ። ጥር ላይ የማኅበሩ በዓል ሲደርስ ሜዳው በፈረስ ይሞላል። እንዳሻው እግሩ እርካብ ሳይደርስ፣ ከአባቱ ፊት ኮርቻ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ጋልቧል። ሃያ ሲሞላው የራሱ ፈረስ ነበረው። ዳማ ነው፤ ስሙ ይባስ።

ያን ጊዜ ደርግ ለውትድርና ልጅ ያፍስ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ታላቅ ወንድሙ መኩሪያ እስከ ቀበሌው ድንበር ሸኘው። ድንበሩ ላይ ሲደርሱ እንዳሻው ከይባስ ወረደና ልጓሙን ለመኩሪያ ሰጥቶ በእግሩ ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኩሪያ የፈረስ ስም «አባ ይባስ» ሆነ። ፈረሱ ሲሞት ለሚቀጥለው ያንኑ ስም አወጣለት፤ ለሦስተኛውም እንዲሁ። «ስምህን ተሸክሜልሃለሁ፣ ስትመጣ ትረከበኛለህ» ይለው ነበር በስልክ። እንዳሻው ግን አልሄደም። አንድ ዓመት ወረቀት፣ አንድ ዓመት የፍቅር ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓመት የወገብ ሕመም፣ እንዲህ ስንል ስንል ሃያ ሦስት ዓመት ሞላ።

እኔን ያገኘኝ ካርቱም ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ተጋብተን ኦስሎ መጣን፣ ፍቅርን እዚህ ወለድን፣ ትሮስተሩድ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ቤት ሰጠን። እንዳሻው ማዮርስቱን ያለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ያጸዳል። ማለዳ በሁለት ቁጥር ባቡር ይሄዳል፤ የቢሮው ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ፎቆቹን ጨርሶ ምድር ቤት ይወርዳል። በዚያ ሕንፃ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሠራ ጠረጴዛቸውን እንጂ ፊታቸውን አያውቅም። እኔ ሆልምሊያ ውስጥ ሕፃናት በሚውሉበት ባርነሃገን እሠራለሁ።

ከቤታችን ጀርባ ጫካው ይጀምራል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አምስት፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ብቻውን ሲንሸራሸር ፈረስ ሲያሽካካ ሰማ። ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ «ብርዱ ነው» አለኝ። ሦስት እሁድ አጥሩን ተደግፎ አየ። በአራተኛው የጋጣው ባለቤት መጥታ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ምንም አለመፈለጉን ነገራት። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና የድርቆሽ መንሽ አስጨበጠችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሰው ሳምንቱን ሙሉ የፈረንጅ ቢሮ ሲጠርግ ከርሞ ቅዳሜ ደግሞ በነጻ ፋንድያ ይጠርጋል? ጮህኩበት። ጫማውን በረንዳ ላይ አስወለቅሁት፣ ልብሱን ለብቻ አጠብኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሁሉ «ጋላቢው» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ወገቡን ግን አላመመውም፤ ይህን ልክድ አልችልም።

ባለጋጣዋ አይሊን ትባላለች። ስኮትላንዳዊት ናት፤ ኖርዌጂያን አግብታ መጥታ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ከአሥራ አራት ፈረስ ጋር የቀረች። ኖርስኩን፣ የኖርዌዩን ቋንቋ፣ እንደ እኛው ትሰባብረዋለች፤ ከእንዳሻው ጋር የተግባቡት ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ቅዳሜ ገለባ ሲለውጡ ስለ አገሯ በዓል ነገረችው። የእሷ ከተማ ከእንግሊዝ ጋር በሚዋሰነው በኩል ናት። ድሮ ጎረቤት መሬት እየገፋ ስላስቸገረ የከተማው ሰው በዓመት አንድ ቀን፣ ሰኔ ላይ፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ ወሰኑን ሁሉ ይዞር ነበር፤ የድንበሩ ድንጋይ አለመነቀሉን ለማየት። ዛሬ የሚገፋ የለም፤ እነሱ ግን ይዞራሉ። ከፊት የሚሄደው የተመረጠ ሰው የከተማውን ባንዲራ ይዞ ነው፤ ሳይወድቅና ሳይቆሽሽ መልሶ ማስረከብ አለበት። ዞረው ሲመለሱ ባንዲራውን ወደ መሬት ዝቅ ያደርገዋል። ሙዚቃው ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ከጥንት ጦርነት ሳይመለሱ ለቀሩት ዝም ይባላል።

እንዳሻው ይህን የነገረኝ ጎመን ስከትፍ ነው። «እነሱም ያውቃሉ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፈረስ ለደስታም ለለቅሶም መሆኑን።»

መክተፌን ቀጠልኩ። ያችን ቃል ያን ጊዜ ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

አይሊን ፈረሶቿን ጥላ አገሯ መሄድ ስላልቻለች የራሷን ዙረት ኦስሎ ላይ ጀምራለች። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ግልቢያ የምታስተምራቸውና ፈረሳቸውን እሷ ዘንድ የሚያስቀምጡ ሰዎች ተሰብስበው የእርሻዋን ወሰን ይዞራሉ፤ ጫካው ጥግ እስካለው የድንጋይ ክምር ድረስ፣ ከዚያ በሜዳው አድርገው ወደ ግቢው። ሰማያዊ ባንዲራ በእጇ ሰፍታለች። በሁለት ሺህ ስምንት ባንዲራውን እንዲይዝ የመረጠችው እንዳሻውን ነው።

የዚያኑ ዕለት ለመኩሪያ ደወለ። በአገውኛ ስለሚያወሩ እኔ የሚገባኝ ሳቃቸው ብቻ ነው፤ ብዙ ሳቁ። ስልኩን ሲዘጋ «ፎቶውን ላክልኝ ብሏል» አለኝ። «ጥር ላይ ለማኅበሩ ሊያሳይ ነው። ወንድሜ ባሕር ማዶ ባንዲራ ይዞ ከፊት ጋለበ ሊል ነው።» ግንቦትን ሙሉ ልጅ ሆነ። በየቅዳሜው ሲለማመድ ያስቸገረው ቦት ጫማው ብቻ ነው፤ እነሱ አገር እርካብ የሚያዘው በባዶ እግር፣ በአውራ ጣት ነው። «በጓንት እንደ መጉረስ ነው» ይላል።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ሰኞ፣ ባርነሃገው ውስጥ ልጆቹን ወደ ውጭ ለማውጣት ቱታ ሳለብስ፣ ስልኬ ጮኸ። የመኩሪያ ልጅ ጌቱ ነበር። ከኢትዮጵያ ለባል መደወል ትቶ ለሚስት የሚደውል ሰው ነገሩ ያስታውቃል። መኩሪያ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሶ ደረቴን ብሎ ተኛ፤ እሁድ ሲነጋ ዐረፈ፤ የዚያኑ ቀን ተቀበረ። «ፈረሰኛው ሁሉ ወጣለት፤ ይባስን ባዶ ኮርቻ ጭነን ከአስከሬኑ ኋላ ሳብነው» አለኝ እየተንሰቀሰቀ። «አደራ እትዬ ቆንጂት፣ አጎቴ በሥርዓቱ ይረዳ።»

«ያ፣ ያ» አልኩት፤ ከድንጋጤዬ የተነሣ አዎ ማለት በአማርኛ ጠፋብኝ። ለአንዱ ልጅ የግራ ጫማውን በቀኝ እግሩ አጥልቄለት ኖሮ ማልቀስ ጀመረ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ነው። ኦስሎ ላይ ደግሞ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ ጨምረንበታል፤ መርዶ ቅዳሜ ነው። በሥራ ቀን ማን ፈቃድ ያገኛል? ስንቱ እናቱ ማክሰኞ ሞታ እስከ ቅዳሜ ሲስቅ ከርሟል፤ እኛም ሆድ ይፍጀው ብለን፣ አብረነው ባቡር እየተሳፈርን፣ ስለ ብርዱ እያወራን። ሁላችንም አንዳችን በአንዳችን ላይ አድርገነዋል። ደግነት ነው የምንለው።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ እዚያው ሆልምሊያ እትዬ ጌጤ ቤት ተገናኘን፤ እኔ፣ እሳቸውና የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሐብታሙ። ጋሽ ሐብታሙ ማስታወሻቸውን አወጡ። «ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» አሉና መጻፍ ጀመሩ።

«ቅዳሜ አይሆንም» አልኳቸው። ስለ ዙረቱ፣ ስለ ባንዲራው፣ መኩሪያ ስለሚጠብቀው ፎቶ ነገርኳቸው። «ለእሁድ ይሁንልኝ። አንድ ቀን ናት። ሰውዬው ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ወለል ሲጠርግ ኖሮ ያገኛት አንዲት ቅዳሜ ናት። እሷን አትንጠቁብኝ።»

እትዬ ጌጤ የሰባ ዓመት ሴት ናቸው። እኛ መንደር ያልቀበሩት ሰው፣ ያላጽናኑት ሐዘንተኛ የለም። «ልጄ» አሉኝ፤ «አንቺ ደስታ የሰጠሽው ይመስልሻል። ሲያውቅ ግን ቀን ይቆጥራል። ሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ ብሎ ነው።»

«ታዲያ ዛሬውኑ ልንገረው?»

«ዛሬማ ሰው የት አለ?» አሉ ጋሽ ሐብታሙ።

ዛሬውኑ ንገሪው ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብባል የምሰማ አይመስለኝም። ጋሽ ሐብታሙ ቅዳሜን ሰርዘው እሁድ ብለው ጻፉ። ከዚያም «ቅዳሜ ብቻሽን አትችይውም፤ እኛም መጥተን አብረንሽ እንቁም» አሉኝ። ያን ጊዜ መረቅኋቸው።

ሐሙስ እንዳሻው ባንዲራውን ሊተኩሰው ቤት ይዞት መጣ። እኔ ልተኩስልህ አልኩት። የካውያው እንፋሎት ፊቴ ላይ ሲወጣ ተከልዬ አለቀስኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ቦት ጫማውን ቀለም እየቀባ «ቀስ፣ እንዳታቃጥዪው፣ ለመኩሪያ ፎቶ ነው» ይለኛል። ዓርብ ወደ አገር ቤት ደወለ። ለጌቱ አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር ማንም አላነሳም። «ኔትወርኩ ነው» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ነገ ስመለስ እደውላለሁ። ያኔ የማወራው ይኖረኛል።»

ቅዳሜ ሰማዩ ዝናብ አዝሎ ዋለ። አይሊን ለእንዳሻው ትልቅ ዳማ ፈረስ ሰጥታው ነበር። ፈረሶቹ ተሰልፈው ሳለ የእኛ ሰዎች በአውቶቡስ መጡ፤ ከሃያ አያንሱም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋላቢው እያሉ የሳቁበት ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም እዚያ ግቢ ረግጠው አያውቁም። እትዬ ጌጤን፣ ጋሽ ሐብታሙን፣ የመዘምራኑን ሴቶች አንድ በአንድ አያቸው። ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ «ቆንጂት፣ ይኼ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?» አለኝ።

«ያ» አልኩት። «ለአንተ ነው።» ውሸት አልነበረም።

ወጡ። ከጫካው እስኪመለሱ አንድ ሰዓት ያህል አጥሩ ጥግ ቆመን ካፊያ መታን። ለፍቅር ምንም አልነገርኳትም ነበር። ከሴቶቹ አንዷ መኩሪያን ነፍስ ይማር ስትል ሰማቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ማማ፣ አጎቴ ሞቷል?»

«ቀስ በይ። ነገ ይነገረዋል።»

«ናይ። አይሆንም፣ ይኼ አይደረግም። የራሱ ወንድም ነው። ሁሉም ሰው አውቆ እሱ ብቻ? ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

«ፈረስ ላይ እያለ ብትነግሪው ወድቆ ይሞታል» አልኳት። እጄን አስለቀቀችኝና ብቻዋን ራቅ ብላ ቆመች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከእኛ ሁሉ እሷ ትክክል ነበረች።

ፈረሶቹ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። እንዳሻው ከፊት ነው። ቦት ጫማውን የድንጋይ ክምሩ ጋ አውልቆ ጥሎት በባዶ እግሩ፣ እርካቡን በአውራ ጣቱ ይዟል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ፈረሱን ለቀቀው። ያ ወገቤን የሚለኝ ሰው፣ ያ ደረጃ ስንወጣ በየፎቁ የሚያርፍ ሰው፣ ጋማው ላይ ተኝቶ ባንዲራውን ወደ ላይ አንሥቶ መጣ። ዕድሜ ልኬን እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ግቢው ጋ ሲደርስ ልጓሙን ሳብ አደረገና ፎከረ። «የአባ ይባስ ወንድም» አለ፤ «የመኩሪያ ወንድም፣ የእንጅባራው፣ እዚህም አለሁ።»

እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። ከኋላዬ አንዷ መንሰቅሰቅ ጀመረች። እንዳሻው አየን፤ የደስታ እንባ መሰለው። እጁን አነሣልን።

ከዚያ አይሊን ምልክት ሰጠች። ሁሉም ባርኔጣውን አወለቀ። እንዳሻው ባንዲራውን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ዝቅ አደረገው፤ ጫፉ ሣሩን ሳይነካ ያዘው። ፈረሶቹ እንኳ ጸጥ ያሉ መሰለኝ። እሱ ለአይሊን ሙታን ነው የያዘው። እኛ አንገታችንን ደፍተን ለመኩሪያ አለቀስን፤ ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ወንድሙ ገና ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር። ሲያበቃ አይሊን እኛን ከኋላው ደርድራ ፎቶ አነሣችው።

እሁድ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ የከፈተው እሱ ነው። ደረጃው ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ሞልቷል። አበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«ማን ነው?» አለ።

«ግባና ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ሐብታሙ።

«ማን ነው፣ ጋሽ ሐብታሙ?»

«ወንድምህ መኩሪያ ዐርፏል።»

ሴቶቹ ጮኹ። እሱ አልጮኸም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ባዶ እግሩ ላይ አሁንም እርካቡ የፋቀው ቀይ ምልክት ነበር። ልክ እትዬ ጌጤ እንዳሉት «መቼ?» አለ።

«ባለፈው እሁድ» አሉት ጋሽ ሐብታሙ።

ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ትናንት ሰባቱ ነበር» አለ። ይህን እኔ አልቆጠርኩትም ነበር። የፈረስ ቀን እንጂ የሞት ቀን አልቆጠርኩም። ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እነዚህስ?»

«ሁሉም ያውቁ ነበር። ደስ ይበልህ ብዬ ነው፣ እንዳሻው። አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበልህ ብዬ።»

«ቆንጂት» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈረሱም ነበረ፣ ሜዳውም ነበረ። ባንዲራው በእጄ ነበረ፤ ዝቅ አድርግ ተብዬ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ሰውም መጥቶልኝ ነበር። እኛ አገር ፈረሰኛ የሚለቀሰው እንደዚያው ነው እኮ። ብትነግሪኝ ወንድሜን በፈረስ አለቅሰው ነበር። አፈር አላለበስኩት፣ አልቆምኩለት፤ በዚያች ቀን እክሰው ነበር። እኔ ግን በሰባቱ ስስቅ ዋልኩ።»

ያን ጊዜ ነው ጎመን የከተፍኩበት ቀን ትዝ ያለኝ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን አይሊን መጣች፤ የድንጋይ ክምሩ ጋ የቀረውን ቦት ጫማ ፈልጋ አግኝታ፣ ጠርጋ፣ በከረጢት ይዛ። ፍቅር ሁሉን ነገረቻት። አይሊን ጥቁር በለበሱት ሴቶች መሐል ተቀምጣ ወደ እኔ ዘንበል አለችና «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። ያ አልኳት። ከረጢቱን አየች። «ብትነግሩኝ ጥቁሩን ፈረስ እሰጠው ነበር» አለች። ለእንዳሻው ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለወንድሙ እንደገና እንዲዞሩ ለመነችው። አመሰገናትና «ለቅሶ ቀን አለው» አላት።

ከዚያ በኋላ ጋጣው ሄዶ አያውቅም። ቅዳሜዬ ተመለሰልኝ። ሶፋው ላይ ወገቡን በትራስ ደግፎ ይቀመጣል፤ እኔ በዙሪያው እጠርጋለሁ። አልሰደበኝም፣ አልጋ አልለየም፣ ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ማምጣቱን አልተወም። ወንዝና ፈረስ የሚባል ጨዋታ ግን ከቤታችን ጠፋ። ፎቶውን አይሊን በመስተዋት አስገጥማ ልካለት ነበር። እንጅባራ አልላከውም፤ ጥር መጣና ሄደ። ራሱ ሚስማር መትቶ ሳሎን ሰቀለው። እሱ ከፊት በባዶ እግሩ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፤ እኛ ከኋላ። እናውርደው ብለው «ይቆይ» አለኝ። ያላወቀ እንግዳ መጥቶ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ሲለው «ለቅሶ ላይ ናቸው» ይላል፤ «ሰው መሞቱን ያልሰማው ይኼ ፈረሱ ላይ ያለው ብቻ ነው።» እንግዳው ይስቃል፤ እኔ ወጥ ቤት እገባለሁ።

ይቅር በለኝ አላልኩትም። ሥርዓት ነው የተከተልኩት፣ ሽማግሌ ነው ያማከርኩት እያልኩ ለራሴ እከራከር ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ እየዞረ ዓመት አለፈ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባርነሃገው ውስጥ ልጆቹን በክብ አስቀምጬ ነበር። አንዷ ጓንቷን ጆሮዋ ላይ አንጠልጥላ ጥንቸል ነኝ ስትለኝ እየሳቅሁ ቀና አልኩ። እንዳሻው በሩ ላይ ቆሟል። የጽዳት ልብሱን አልቀየረም፣ ኮት አልደረበም፣ ያለከልካል። ሥራ ቦታዬ መጥቶ አያውቅም።

«ቆንጂት፣ እናትሽ ሞተች» አለኝ። «ዛሬ ሲነጋ። ወንድምሽ አሁን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የደወለልኝ።»

በልጆቹ መሐል ጮህኩ። ልጆቹ ጮኹ። ኃላፊዬ እየሮጠች መጣች። እንዳሻው ከወለሉ አነሣኝ፣ ኮቴን አለበሰኝ፣ የክረምት ጫማዬን ተንበርክኮ አሰረልኝ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሰው ሁሉ አወገዘው። በሥራ ቀን፣ በሥራ ቦታ፣ በቁሟ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፤ ለጠላት እንኳ አይደረግም አሉ። ቂሙን ነው የተወጣው ያሉም ነበሩ። ጋሽ ሐብታሙ በእድሩ ፊት ገሠጹት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። እኔም ራሴ ያን ዕለት፣ ከሆልምሊያ በባቡር ስንመለስ፣ እንዲያው ነበር ያሰብኩት።

«ለምን እንዲህ አደረግኸኝ?» አልኩት። «ለመኩሪያ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። «ስልኩን እንደዘጋሁ ባልዲዬን ጥዬ ወጣሁ» አለኝ። «ሁለት ባቡር ነው። ከጣቢያው እስከ እናንተ ድረስ ሮጥኩ፤ ሳታውቂ ስትስቂ እንዳልደርስ ብዬ። በመስኮት ሳይሽ እየሳቅሽ ነበር።» እጆቹን አየ። «አንድ ሰዓት አለፈሽ። ይቅር በይኝ።»

እኔ የወሰድኩበት ስድስት ቀን ነው። እዚያው ባቡሩ ውስጥ፣ ሰው እያየን፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ትሮስተሩድ ስንደርስ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ወረደ።